ቨርጂኒያ እርሻ ላይ በሜታል ዲቴክተር የሲቪል ዋር ዕቃ መፈለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሀበሾች ስለዚ ነገር ስትሰሙ የምትጠይቁት ሁሌም አንድ አይነት ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው፣ ግን የሕጉን ክፍል ሳታነቡ ማሽኑን (መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚጠቁመውን ሜታል ዲቴክተር ማለቴ ነው) እንዳትገዙ።

ምንድነው የምትፈልጉት? ወርቅ ነው?

አይደለም። እኔ ቤት ውስጥ ስሜ "ቆራሌው" ሆኗል፣ እሱ ይቀርባል ለእውነቱ። የምንፈልገው አሜሪካኖቹ ከ1861 እስከ 1865 ሰሜንና ደቡብ ሆነው እርስ በርስ ሲዋጉ መሬት ላይ የቀረ ዕቃ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከ1853 እስከ 1857 ማለት ነው፣ አጼ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበረበት ጊዜ። ጥይት፣ የዩኒፎርም ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የፈረስ ዕቃ፣ ሳንቲም፣ ማንኪያ፣ የመድፍ ፍንጣሪ፣ እንደዚ እንደዚ ያለ።

ከዲሲ በመኪና ብዙም ሳትርቁ ማናሳስ አለ፣ ሁለት ጊዜ የተዋጉበት፣ አንዴ በጁላይ 1861 አንዴ በኦገስት 1862። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፍሬድሪክስበርግ፣ ቻንስለርስቪል፣ ዊልደርነስ አለ፣ ወደ ካልፔፐር ስትሄዱ ደሞ ብራንዲ ስቴሽን አለ፣ ጁን 1863 ፈረሰኛና ፈረሰኛ የተፋጠጠበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጦርነት ከተደረገበት ቦታ ይልቅ ጦሩ ሰፍሮ የከረመበት ቦታ ይበልጣል። ውጊያ አንድ ቀን ሁለት ቀን ነው፣ ሰፈር ግን ወራት ነው። ከ1863 መጨረሻ እስከ 1864 ሜይ ድረስ የሰሜኑ ጦር ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ካልፔፐር ካውንቲ ውስጥ ክረምቱን አሳለፈ፣ ያ ሁሉ ወጣት እንጨት ቤት ሰርቶ ካርታ ሲጫወት፣ ሲሰክር፣ ልብሱን ሲጥል፣ ቁልፉ ሲበጠስ አስቡት። ዛሬ ቦታው በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራበታል።

ሕጋዊ ነው? ፖሊስ ቢይዘኝስ?

መልሱ እግራችሁ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው በሚለው ይወሰናል።

የፌደራል መሬት ላይ ከሆነ አይቻልም፣ በቃ። ማናሳስ ባትልፊልድ ፓርክም ሆነ ፍሬድሪክስበርግ ያለው የናሽናል ፓርክ ይዞታ ውስጥ መቆፈር አይደለም ማሽኑን ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። በመኪና ፓርኩን አቋርጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማሽኑ ተፈታቶ፣ ወዲያው መጠቀም በማይቻልበት ሁኔታ ታሽጎ መቀመጥ አለበት። በ1979 የወጣ የአርኪዮሎጂ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አላቸው፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ከፌደራል መሬት ያወጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር፣ የዕቃው ዋጋና የጥገናው ወጪ ተደምሮ ከ500 ዶላር ካለፈ ደሞ እስከ 20,000 ዶላርና ሁለት ዓመት ነው። ማሽኑንም የመጣችሁበትን መኪናም ሊወርሱት ይችላሉ። የፓርኩ ድንበር ብዙ ቦታ አጥር የለውም፣ "እርሻ መስሎኝ" የሚል መልስ ሬንጀሩ ፊት ብዙ አያስኬድም፣ ስለዚ ድንበሩን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ሂዱ።

የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱ ከፈቀደ ይቻላል። ካልፈቀደ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ሳይፈቀድ የሰው መሬት መግባት ራሱ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የምለው አለ፣ ወረቀታችሁ በሂደት ላይ ያለ፣ አሳይለም የምትጠብቁ፣ ሲትዝንሺፕ ልታመለክቱ የተዘጋጃችሁ ሰዎች ለአንድ እርሳስ ጥይት ብላችሁ መዝገባችሁ ላይ ወንጀል እንዳይጻፍባችሁ። አሜሪካዊው ጓደኛችሁ "ኖ ፕሮብሌም ማን ያየናል" ቢላችሁ ለሱ ነው ፕሮብሌም የሌለው።

የጦር ሜዳ ለመጠበቅ ብለው መሬት የሚገዙ ድርጅቶችም አሉ፣ የነሱ መሬት የግል ቢሆንም መቆፈር አይፈቅዱም። የካውንቲ ፓርክ እንደየካውንቲው ይለያያል፣ ደውላችሁ ጠይቁ። መቃብር ደሞ ባለቤቱ ቢፈቅድም አይነካም። እርሻ ዳር ስም የሌለው ድንጋይ ተደርድሮ፣ ቪንካ የሚሉት አረንጓዴ ሐረግ መሬቱን ሸፍኖት ካያችሁ የድሮ መቃብር ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ባሪያ ተደርገው የኖሩት ሰዎች መቃብር ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው፣ ራቅ በሉ።

ፈቃድ እንዴት ነው የሚጠየቀው? ጥቁር ሰው ገጠር ገብቶ የነጭ ገበሬ በር ማንኳኳት አይከብድም?

ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን አደራረግ አለው። መጀመሪያ የካውንቲው የመሬት ካርታ ኦንላይን በነጻ አለ፣ እሱ ላይ ቦታውን ስትጫኑ የባለቤቱ ስምና የፖስታ አድራሻ ይወጣል። በስሙ ደብዳቤ ጻፉ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ ጉድጓድ እንደምትደፍኑ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ እንደምታሳዩት፣ ስልካችሁን። አጭር ይሁን። ከዛ በኋላ ስትሄዱ ሰውዬው አስቀድሞ ያውቃችኋል፣ እንግዳ አትሆኑም።

በር ስታንኳኩ ቅዳሜ ጠዋት ረፈድ ሲል ነው ጥሩው፣ ሲመሽ አይሆንም፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ናቸው። መኪናችሁን ከቤቱ ፊት በሚታይ ቦታ አቁሙ፣ መነጽር አውልቁ፣ አንኳኩታችሁ ከበሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ በሉ፣ ማሽኑን በእጃችሁ እንዳትይዙ። ከዚህ በፊት ያገኛችሁት ነገር ካለ ትንሽ ፍሬም ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እሱን ሲያይ አያቱ የነገሩትን ማውራት ይጀምራል፣ ያኔ ግማሹ አልቋል። እምቢ ካለ አመስግናችሁ መሄድ ነው፣ ክርክር የለም።

ሲፈቅድ በጽሁፍ አስፈርሙት፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ቀኑ፣ የትኛው ማሳ እንደሆነና የተገኘው ነገር የማን እንደሚሆን ይጻፍበት። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው ነገር ደሞ ማሳው የተከራየ መሆኑን ነው፣ ባለመሬቱ ሌላ አራሹ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ባለመሬቱ ፈቅዶላችሁ አራሹ የበቀለ ስንዴው ላይ ሲያያችሁ ሽጉጥ ይዞ እንዳይመጣ ሁለቱንም አናግሩ። በዓል ሲደርስ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ብቅ ማለት አይጎዳም፣ ባዶ እጅ አይኬድም አይደል የኛ ነገር፣ እነሱም ይወዱታል።

ማሽኑ እንዴት ነው የሚሰራው?

ከታች ያለው ክብ ነገር ኮይል ይባላል፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይለቃል፣ ብረታ ብረት ሲያገኝ እቃው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ ያ መልሶ የራሱን ሞገድ ይልካል፣ ማሽኑ እሱን ሰምቶ ይጮሃል። ስልክ የሰራው ግርሃም ቤል ነው በ1881 ተመቶ የወደቀው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥይት በዚህ ዘዴ ሊፈልግ የሞከረው፣ አላገኛትም፣ አንዱ ምክንያት አልጋው የብረት ስፕሪንግ ስለነበረው ነው ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደሞ ወታደሩ ፈንጂ ይፈልግበት የነበረው ማሽን በርካሽ ሲሸጥ እዚህ ቨርጂኒያ ያሉ ሰዎች እሱን ተሸክመው ጀመሩት።

የትኛውን ልግዛ? ስንት ነው?

ለጀማሪ ከ200 እስከ 350 ዶላር ባለው ውስጥ የጋሬት፣ የማይንላብ፣ የኖክታ ትንንሾቹ ማሽኖች ይበቃሉ። ወደ ካልፔፐር ግን ችግር አለ፣ አፈሩ ቀይና ብረት የበዛበት ነው፣ ተራ ማሽን እዛ ላይ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ዝም ብሎም ይለፈልፋል፣ ለዛ ነው እዛ አካባቢ የቆዩ ሰዎች ፐልስ የሚባለውን ውድ ማሽን የሚይዙት፣ በሺዎች ነው ዋጋው። እሱን አሁን አታስቡት። ከማሽኑ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ጉድጓድ ውስጥ እቃውን የምታሳየው ትንሿ ፒንፖይንተር፣ ጠንካራ አካፋና ሄድፎን ነው። ሄድፎን ያልኩት ለፋሽን አይደለም፣ ጥልቅ ያለ ነገር ድምጹ በጣም ቀጭን ነው፣ ያለሱ ታልፉታላችሁ።

ሲግናል ሲመጣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ማሽኑ እንደ ብረታ ብረቱ አይነት ቁጥር ያሳያል ግን አትመኑት። የቆርቆሮ ቢራ መክፈቻ፣ የአምስት ሳንቲም ኒክል፣ እርሳስ ጥይትና የወርቅ ቀለበት ተቀራራቢ ቁጥር ላይ ነው የሚወድቁት፣ መክፈቻውን ላለመቆፈር ብላችሁ ማሽኑ ለዛ ቁጥር እንዳይጮህ ከዘጋችሁት ጥይቱንም ዘጋችሁት ማለት ነው። የድሮ እርሻ ላይ የኔ ምክር ብረት ካልሆነ ሁሉንም መቆፈር ነው፣ ቤት ፈርሶ ምስማር በበዛበት ቦታ ደሞ ቀስ ብሎ መወዝወዝ፣ የምስማር መዓት መሃል አንዲት ጥርት ያለች ድምጽ ትሰማላችሁ።

ትልቅ ማሳ ላይ ከየት ልጀምር?

ከቤት። ማለቴ ከካርታ። ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ የጦርነቱን ጊዜ ካርታዎች ኦንላይን በነጻ አስቀምጧል፣ የደቡቦቹ መሐንዲሶች የሳሏቸው የካውንቲ ካርታዎች የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት ስም ሳይቀር ይዘዋል፣ ዛሬ ጠፍቶ ሜዳ የሆነ ቤት እዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዛ መሬቱን እንደ ወታደር ማየት ነው፣ ውሃ የት ነበር፣ ከንፋስ የሚከልል ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀ ተዳፋት የቱ ጋ ነው፣ የድሮው መንገድ በየት ያልፍ ነበር። ሰው ምንጭ አጠገብ ይሰፍራል፣ ጉብታ ላይ ዘብ ይቆማል።

ጊዜው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው፣ ሰብሉ ተነስቶ። ታርሶ ዝናብ የመታው ማሳ የመሰለ የለም፣ እርጥብ መሬት ላይ ሲግናሉም ይሻላል፣ ማረሻውም ታች የነበረውን ወደ ላይ ያመጣዋል። የግጦሽ መሬት ከሆነ ሳሩን በአንድ በኩል ሳይቆረጥ ገልብጣችሁ፣ አፈሩን ጨርቅ ላይ አውጥታችሁ መልሳችሁ በእግር ረግጣችሁ ድፈኑ። ክፍት ጉድጓድ የፈረስ እግር ይሰብራል፣ ገበሬዎቹ "ድሮ አንዱ መጥቶ" እያሉ የሚከለክሉት አብዛኛውን በዚህ ነው። የሰው ግቢ ሳር ላይ ከሆነ ደሞ 811 ደውላችሁ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን አስመልክቱ።

ያገኘሁትን እንዴት ነው የማውቀው?

በብዛት የምታገኙት ሚኒዬ የሚባለውን ጥይት ነው፣ ፈረንሳዊው መኮንን ሚኒዬ በ1840ዎቹ መጨረሻ ያወጣው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ቂጡ ባዶ፣ ወገቡ ላይ ሦስት መስመር ያለው፣ የሰሜኖቹ ብዙውን ጊዜ 0.58 ኢንች ስፋት ነው፣ ክብደቱ 30 ግራም አካባቢ። መሬት ውስጥ ስለቆየ ነጭ ይሆናል፣ ያ ነጭ ነገር እንዳይፋቅ። ቅርጹ ያልተበላሸ ከሆነ ሳይተኮስ የወደቀ ነው፣ የተጨፈለቀው የተተኮሰ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ በቢላ ተቀርጾ የቼዝ መጫወቻ ምናምን ተደርጎ ታገኛላችሁ። የጥርስ ምልክት ያለበት ጥይት ስታገኙ "ቁስለኛው እግሩ ሲቆረጥ የነከሰው ነው" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ፣ አብዛኛው ግን ማሳ ውስጥ የተለቀቀ አሳማ ያኘከው ነው።

ቁልፍ ላይ ንስር ካለ የሰሜን ነው፣ የመኮንን ከሆነ ንስሩ ደረት ላይ ባለው ጋሻ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊኖር ይችላል፣ አይ ከሆነ እግረኛ፣ ሲ ከሆነ ፈረሰኛ፣ ኤ ከሆነ መድፈኛ። ከኋላው የፋብሪካው ስም ተጽፎ ታገኙ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ኮኔቲከት ያለችው ዋተርበሪ ከተማ የተሰራ ነው። የቀበቶ ዘለበት ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ከገበያ ለመግዛት ካሰባችሁ ግን የደቡቦቹ ዘለበት ተመሳስሎ የተሰራው ከእውነተኛው የበዛ ይመስለኛል።

የስፔን ብር ሳንቲም ስታገኙ አትገረሙ፣ እስከ 1857 ድረስ እዚህ አገር ሕጋዊ መገበያያ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የተበሳ ሳንቲም ነው። ባሪያ ተደርገው የተያዙት ሰዎች ይኖሩበት የነበረው ጎጆ አካባቢ ይገኛል፣ ክር አስገብተው አንገት ወይ ቁርጭምጭሚት ላይ ያስሩት ነበር፣ ክፉ እንዲጠብቃቸው። ሰብሳቢዎቹ "የተበላሸ ሳንቲም" ብለው ዋጋ አይሰጡትም። እንደዚ አይነት ቦታ ላይ ከደረሳችሁ ቁፋሮውን አቁማችሁ ባለመሬቱን አናግራችሁ ለአርኪዮሎጂስት ደውሉ ነው የምለው፣ ጄኔራሎቹ ተጽፎላቸዋል፣ የነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ብዙው መሬት ውስጥ ያለው ነው።

የመድፍ ጥይት ባገኝስ?

ክብ ወይም ሞላላ ከባድ ብረት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ራቁና 911 ደውሉ። 150 ዓመት አለፈው ብሎ ነገር የለም፣ ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል፣ በ2008 ሪችመንድ አጠገብ ቼስተርፊልድ ውስጥ ብዙ ዓመት በዚህ ስራ የቆየ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዱን ሲያጸዳ ፈንድቶ ሞቷል። መኪና ውስጥ ጭኖ መሄድ፣ መሰርሰር፣ መቀጥቀጥ፣ ፌስቡክ ላይ "ምንድነው ይሄ" ብሎ አቅፎ ፎቶ መነሳት የለም።

ለምንድነው ሁሉንም ቦታ መመዝገብ ያለብኝ? እቃው ካለኝ አይበቃም?

አይበቃም፣ ይሄ ለኔ ዋናው ነው። ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የሚባል ቦታ አለ፣ ከስተር የሚባለው የአሜሪካ የጦር አዛዥ በ1876 አብረውት ከነበሩት ወታደሮች ጋር በአገሬው ተወላጆች፣ በላኮታና በሻያን ተዋጊዎች፣ ያለቀበት። በ1983 ሳሩ ተቃጠለ፣ በዓመቱ አርኪዮሎጂስቶች በጎ ፈቃደኛ ሜታል ዲቴክተር የያዘ ሰው መስመር አሰልፈው፣ ድምጽ በተሰማበት ሁሉ ባንዲራ እየተከሉ፣ እያንዳንዱን ጥይትና ቀለሃ ከነቦታው መዘገቡ። የጠመንጃ መርፌ ቀለሃው ቂጥ ላይ የሚተወው ምልክት ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል፣ ስለዚ አንድ ጠመንጃ ከዚህ ተነስቶ ወዲያ ሄዶ እዛ ጋ ተኩሶ የሚለውን ተከትለው ውጊያው እንዴት እንደተካሄደ አወጡት፣ አንድ የዳነ የከስተር ወታደር በሌለበት። እነዛ ቀለሃዎች በአንድ ሰው ኪስ ቤት ገብተው ማሰሮ ውስጥ ቢቀመጡ ኖሮ ናስ ብቻ ነበሩ።

ማሳ የታረሰ ስለሆነ እቃው ተንቀሳቅሷል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ከማሳ ማሳ አልሄደም። ስልካችሁ ላይ ጂፒኤሱን ያዙ፣ ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከቁጥር ጋር አስገቡት፣ ማታ ደብተር ላይ ገልብጡት። ጥይቶቹ በአንድ መስመር ሲደረደሩ ካርታው ላይ ስታዩት ሰልፉ የት ጋ እንደቆመ ይገባችኋል፣ ከዛ በኋላ ማሳውን የምታዩበት አይን ራሱ ይለወጣል።

እንዴት ነው የሚጸዳው?

ባለማጽዳት ነው የሚጀመረው። እርሳስ በውሃና በለስላሳ ጥርስ ብሩሽ ብቻ፣ ከዛ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጆች አያስነኩም። የናስ ቁልፍ ላይ ወርቅ ቅብ ሊኖር ስለሚችል ኮምጣጤና ሎሚ የሚባል ነገር አታስነኩት፣ እኛ ጋ ሁሉም ነገር በሎሚ ይታሻል። ብር ሳንቲም አይፈተግም። ለዛገ ብረት ኤሌክትሮሊሲስ አለ፣ ዝገቱን በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ማለት ነው፣ ዋሺንግ ሶዳ ያለበት ውሃ ውስጥ ከባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቩ እቃው ላይ ፖዘቲቩ ሌላ ውራጅ ብረት ላይ፣ ውራጁ ስቴይንለስ እንዳይሆን መርዝ ያወጣል፣ ደሞ ውጭ ነው የሚሰራው፣ የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው።

ሸጬ አተርፍበታለሁ?

አይመስለኝም። ተራ ጥይት ጥቂት ዶላር ነው፣ የቤንዚኑን አይመልስም። ለገንዘብ ከሆነ ኡበር ይሻላል።

የተቀበረ ነገር ጠባቂ አለው ይባላል፣ አትፈሩም?

የቨርጂኒያ ማሳ ጠባቂ መዥገር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል፣ በክረምትም ሞቅ ካለ ይወጣል፣ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ የመዥገር መከላከያ መድኃኒት ተረጩ፣ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ኋላና ከብብት ፈትሹ። ሲሞቅ ደሞ ኮፐርሄድ የሚባል እባብ አለ፣ ድንጋይ ስር እጅ አይሰደድም።

ማሽኑን ኢትዮጵያ ይዤ ብሄድስ? አድዋ፣ አክሱም፣ መቅደላ...

ለቅርስ ፍለጋ ከሆነ እንዳታስቡት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለስልጣኑ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይቻልም፣ ሳያስበው ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት፣ "የአያቴ መሬት ነው" የሚለው አያዋጣም፣ እዚህ ካለው የግል መሬት ሕግ ጋር አይገናኝም። ከዛ በላይ ደሞ በቅርብ ዓመታት ውጊያ የነበረበት አገር ላይ ማሽኑ የሚጮህላችሁ ያልፈነዳ ነገር ላይ ሊሆን ይችላል። አክሱም ዝናብ ሲመታው ማሳ ላይ የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል፣ ልጆች ለቱሪስት ሊሸጡላችሁ ይመጣሉ፣ አትግዙ፣ ይዞ መውጣትም ወንጀል ነው።

ቤት ውስጥ የአያት ማርትሬዛ ያላችሁና "1780 ይላል ስንት ያወጣል" ብላችሁ ፎቶ የምትልኩልኝ ደሞ፣ ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ ሲመታ የኖረው ሁሉ ያው 1780 ነው የሚለው፣ ቀኑ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ለማንኛውም አትፈትጉት።